ሳያልቅ የተዘጋው ሬዲዮ

በእኛ ጊዜ ሬዲዮ የአንድ ሰው አልነበረም። የሚገዛው አንድ ሰው ነው፣ የሚሰማው ግን ሰፈር ነው። አሁን እናንተ እያንዳንዳችሁ ስልክ ይዛችሁ፣ ጆሯችሁ ውስጥ ነገር ሰክታችሁ፣ አንዱ የሚሰማውን ሌላው አያውቅም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ይኸው ግቢዬ ትሰበሰባላችሁ። እኔ ቅር አይለኝም። ገዳሪፍ ላይ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እንግዳ አገኛለሁ። ሬዲዮ ኔትወርክ አይልም፣ ካርድ ሙላ አይልም፣ ሁለት ድንጋይ ካጎረሱት ይናገራል። ድንጋይ ስል ባትሪ ማለቴ ነው ራሔል፣ ሱዳኖቹም ሐጃር ነው የሚሉት፣ ያው ድንጋይ ነው።

ራሔል የልጄ ልጅ ናት፣ ለማታውቋት። «ጂዲ፣ ከሐቦባና ከሬዲዮው ማንን ትመርጣለህ?» ትለኛለች፣ እዚሁ አያቷ ፊት። ጂዲ የምትለው እኔን አያቷን ነው፣ ሐቦባ የምትላት ደግሞ ባለቤቴን እናንዬን ነው፣ ይችው አንግሬቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ ጋደም ብላ የማትሰማ መስላ የምትሰማው። ታዲያ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ፣ ግን ረጅም ነው፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ ያደርሳችኋል።

እኔን ሬዲዮ የያዘኝ ልጅ ሆኜ ነው። አርማጭሆ፣ ከእኛ ቤት ማዶ አንድ ነጋዴ ነበረ፣ ሬዲዮውን መደርደሪያ ላይ ከፍቶ ይተወዋል። እናቴ ጨው አምጣ ብላ ትልከኛለች፣ እኔ ከነጋዴው ደጅ እቆማለሁ፣ ዜናው አልቆ፣ ዘፈኑ አልቆ፣ የእህል ዋጋው ተነግሮ አልቆ ነው የምመለሰው። «ጨዉን ከየት አገር ነው የምታመጣው?» ትለኛለች። እኔም በዜናው የሰማሁትን አገር ሁሉ እዘረዝርላታለሁ። ታዲያ ትቆነጥጠኛለች፣ ከዚያ ደግሞ አባቴ ሲገባ «ልጅህ የማያውቀው አገር የለም» ብላ ትነግረዋለች። እና አደግሁ፣ ተማርሁ፣ አስተማሪ ሆንሁ፣ በመጀመሪያ ደመወዙ ሰው አልጋ ይገዛል፣ እኔ ሬዲዮ ገዛሁ።

ጦርነቱ መጥቶ ስንሰደድም ሰው ዱቄቱን ሲሸከም እኔ ሬዲዮዬን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የወጣሁት። ክረምት ነበር፣ ጓንግ ሞልቷል። ወንዙ ዳር ያየኝ ሁሉ ሕፃን ያቀፍሁ መስሎት «እለፍ፣ እለፍ ወንድሜ» እያለ መንገድ ይለቅልኛል። አንዷማ «ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ። እኔም አላረምኋትም።

ታዲያ ኡም ጋርጉር ገባን፣ ካምፑ። ራኩባ ሠራሁ፣ ያው በእንጨትና በሣር የሚሠራውን ጥላ፣ ሬዲዮውንም ምሰሶው ላይ ሰቀልሁት። ቀን ሰው የማሽላ አረም ይውላል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ እኔ ራኩባ ይመጣል። በአማርኛ የሚያሰራጭ አንድ የውጭ ጣቢያ ነበረ፣ ከዜናው ቀጥሎ የጠፋ ዘመድ መፈለጊያ ሰዓት አለው። አንባቢው ሁልጊዜ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እህ-ህ ይላል፣ ያን እህ-ህ ስንሰማ ሰው ሁሉ ማላመጡን ያቆማል። ከዚያ «እከሌ የእከሌ ልጅ፣ ከዚህ አገር የተሰደድከው፣ እናትህ እዚህ ቦታ ትገኛለች፣ ያለህበትን አሳውቅ» ይላል። አንድ ሰው ስሙ ከተጠራለት ያ ሰው ያለቅሳል፣ ሌላው ያቅፈዋል፣ ያልተጠራለት ደግሞ «ነገ ደግሞ» ብሎ ይሄዳል። ነገ ደግሞ፣ ነገ ደግሞ። እንደዚያ ነበር የምንኖረው።

ድንጋዩን የሚያመጡልን ሐጂ ሰይድ ነበሩ፣ የመተማ ሰው፣ ካምፑ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው፣ በሎሪ ገዳሪፍ እየወጡ ዕቃ ያመጣሉ። ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ እንደ በርበሬ። ፀሐይ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ አንድ ሁለት ቀን ያናግርሃል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መርዶ በእኛ አገር እንዲያው አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው መንገድ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አይደረግም። የሰማው ሰው ነገሩን ዋጥ ያደርጋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሐዘንተኛው ማታ ራቱን በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፣ ከዚያ ማለዳ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ይዘውት ይነግሩታል። ሬዲዮ ግን ይህን አያውቅም። የአባትህን ሞት ከሰሊጥ ዋጋ ቀጥሎ ይነግርሃል። ታዲያ እኔ ምን ለመድሁ፣ አንባቢው ስም ጠርቶ «በሐዘን» ማለት ሲጀምር ቶሎ ብዬ መዝጋት ለመድሁ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ሁለት ሰው መርዶውን በወጉ ተረድቷል። ሐጂ ሰይድ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሬዲዮው ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ አያይም፣ አንተ ግን ታያለህ» አሉኝ። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ኮራሁ። ሰው የሚወድቀው በኮራበት ነገር ነው፣ ቢያንስ እኔ የወደቅሁት በእሱ ነው።

እናንዬ ያን ጊዜ ብቻዋን ነበረች። ጓንግን ሲሻገሩ ወንድሟ ደሳለኝ ከእጇ አመለጠ፣ ያንን ብቻ ነው የምታውቀው። ውሃው ይውሰደው፣ ሕዝቡ ይውሰደው፣ አታውቅም። ማታ ማታ ትመጣለች፣ ከራኩባዬ ጠርዝ ትቀመጣለች፣ «መምህር፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ትላለች። አንቱ ነው የምትለኝ። ሌላ ነገር አትናገርም። ሲያልቅ ነጠላዋን አራግፋ ትሄዳለች። ሰው ሁሉ የደሳለኝን ስም በቃሉ ያውቀው ነበር፣ እሷ ሳትኖርም እንዲሰማላት።

አንድ ማታ ታዲያ ዘገየች፣ ውሃ ወረፋ ላይ ነበረች። አንባቢው እህ-ህ አለ። «ደሳለኝ ተገኘ» አለ። ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። «የእናንዬ ተገኘ ወንድም፣ ባለፈው ክረምት ጓንግን ሲሻገር ውሃ ወስዶት...» አለ። ቀና ስል እናንዬ ጀሪካኗን ተሸክማ እየመጣች ነው፣ ሃያ እርምጃ ያህል ቢቀራት ነው። እማማ ስንዱ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት፣ በሹክሹክታ «ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት።

«ዛሬ ምን አለ መምህር?» አለች ስትደርስ።

«ድንጋዩ አለቀ» አልኋት።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እማማ ስንዱ «ነይ ልጄ፣ ዛሬ እኔ ዘንድ ራት ብዪ» አሉ። ሌላው ጀሪካኗን ተቀበላት። ሌላዋ የምትቀመጥበት አነጠፈችላት። እሷ ግራ ገብቷት «ምን ሆናችኋል ዛሬ?» አለች።  ደግ መሆን አልቻልንበትም፣ በጣም ደግ ሆንን።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሄድን። ሐጂ ሰይድ፣ አንድ ቄስ፣ እኔ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በሩ ላይ ስታየን ነገሩን ለመናገር ቃል አላስፈለገንም። እና ለቅሶ ሆነ። ፀጉሯን ተላጨች። በዚያ ላይ ስታለቅስ የእኔን ስም እየጠራች ታመሰግነኛለች፣ «መንገድ ላይ እንዳልሰማ ያደረገኝ መምህር» እያለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከካምፑ ወዲያ ጫፍ አንድ ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አያ ገብሩ ይባላል፣ ትግርኛ ተናጋሪ ነው፣ ሬዲዮ አለው። ተቀመጠ፣ እግዜር ያጥናችሁ አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሐጂ ሰይድ ጠጋ አለና «የሞተው ማን ነው?» አለ።

«የዚች ልጅ ወንድም፣ ደሳለኝ ተገኘ። ውሃ ወስዶት።»

«ውሃ የወሰደውማ አልሞተም እኮ» አለ አያ ገብሩ።

የቡና ሲኒ የያዘ ሁሉ ሲኒውን መሬት አስቀመጠ።

«ሬዲዮው ብሏል። ውሃ ወስዶት፣ ሰዎች አውጥተውት፣ በሕይወት አለ፣ እህቱን ይፈልጋል ነው ያለው። እናንተ አልሰማችሁም?»

ሐጂ ሰይድ ዞረው አዩኝ። ቄሱ አዩኝ። እማማ ስንዱ፣ ዝጋው ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው፣ አዩኝ። ለቅሶው እዚያው ላይ ቆመ፣ አንዷ አልቃሽ ብቻ፣ ጆሮዋ ደከም ያለ ስለሆነ፣ ትንሽ ቀጠለች።

እናንዬ ተነሳች። በተላጨ ራሷ መጣችና ፊቴ ቆመች። «አንተ» አለች። አንተ ያለችኝ ያን ቀን ነው፣ መጀመሪያ። «አንተ፣ ለምን ዘጋኸው?»

ምን ልበላት? ላንቺ ብዬ ነው ልበላት? ላንቺ ብዬ ወንድምሽን ገደልሁት? 

«የት ነው ያለው?» አለች ወደ አያ ገብሩ ዞራ።

አያ ገብሩ አሰበ፣ አሰበ። የተጠራው የራሱ ሰው ስላልሆነ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማው። «አንድ ከተማ ጠርቷል» አለ። «ሱዳን ውስጥ ነው። ወይም ሱዳን ውስጥ መሰለኝ።»

ሐጂ ሰይድ ተነስተው ካምፑን ዞሩ። ያኔ ከእኔና ከአያ ገብሩ ሌላ ሦስት ሬዲዮ ነበረ። ታዲያ ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ሦስቱም «ውሃ ወስዶት» ላይ ተዘግተዋል። ሁሉም እናንዬን ያውቋታል፣ ሁሉም መርዶው በወጉ እንዲነገራት ብለው ዘግተዋል፣ አንዱማ አፉን እንዳይከፍት ሬዲዮውን በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። እስከ መጨረሻው የሰማው የማያውቃት ሰው ብቻ ነው። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አልወሰንሁም።

ራሔል፣ አትሳቂ። እሺ፣ ሳቂ።

ጣቢያው መልስ ያላገኘ መልእክት ይደግማል፣ መቼ እንደሚደግም ግን የሚያውቅ የለም። ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወር ሊሆን ይችላል። እናንዬ ፈረደችብኝ። «እስኪደገም ድረስ ትሰማለህ። አንድም ቀን አትቀርም። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ መዝጊያው ላይ እጅህ እንዳይደርስ» አለች። ሐጂ ሰይድም «ኸላስ፣ ተፈርዷል» አሉ፣ ድንጋዩን ከእንግዲህ አትከፍልም አሉኝ።

እና ተቀመጥን። ማታ ማታ፣ እሷ አንድ ጣቷን መዝጊያው ላይ አድርጋ፣ እኔ ጣቢያውን እያስተካከልሁ። መጀመሪያ ሰሞን አታናግረኝም። ከዚያ ዜናው ላይ መጠየቅ ጀመረች፣ «ይህ አገር የት ነው?» ትላለች፣ እኔ መሬቱ ላይ በጭራሮ ካርታ እሥልላታለሁ። ለካስ አስተምሬ አላውቅም ነበር፣ ያን ጊዜ ነው ያስተማርሁት። ከዚያ ስለ ደሳለኝ ማውራት ጀመረች፣ እንዴት ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንዴት ሽንብራ እሸት ሰርቆ ኪሱ ውስጥ እንደሚረሳው። ፀጉሯ በቀለ። መጀመሪያ እንደ ጥላሸት፣ ከዚያ እንደ ሣር፣ ከዚያ ነፋስ ሲመጣ የሚንቀሳቀስ ሆነ። እኔ ቀኑን የምቆጥረው በእሱ ነበር። አንድ ማታ እህ-ህ ሲል፣ የደሳለኝ ስም እንዳይመጣ እየተመኘሁ መሆኔ ታወቀኝ። ይህን ለራሴም አላመንሁም።

ታዲያ አንድ ረፋድ፣ ረፋድ ላይም ከማታው የተለየ አጭር የመፈለጊያ ዝግጅት አለ፣ ግን ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ ብዙ አይሰማውም፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ሌላው አረም ሄዷል፣ እናንዬ ውሃ ወረፋ ላይ ናት። እህ-ህ አለ። «ደሳለኝ ተገኘ» አለ። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ሰማሁ፣ እንዳልዘጋው። ውሃ ወስዶት ነበር፣ እረኞች አውጥተውታል፣ አሁን ከሰላ ከተማ ዳቦ ቤት እየሠራ ይኖራል፣ ሰፈሩን ተናገረ፣ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ስም ተናገረ። እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናንዬ እዚህ ተቀምጣለች፣ ትስማኝ። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፣ ከእንግዲህ ይዤው የት ልሄድ ነው?

ሮጬ ወደ ውሃው መሄድ ነበረብኝ። ቦታው ሩቅ አይደለም። አልሄድሁም። ሬዲዮውን አየሁት፣ መዝጊያውን አየሁት፣ የእሷን ጣት ቦታ አየሁት። ከሰላ ከሄደች፣ ወንድሟን ካገኘች፣ ወደዚህ ራኩባ ምን ይመልሳታል አልሁ። እና መቆፈሪያዬን አንስቼ አረም ሄድሁ። ማታ መጣች፣ ጣቷን መዝጊያው ላይ አደረገች፣ ተቀመጠች። ዝግጅቱ አለቀ። ስሙ አልተጠራም። «ዛሬም የለም?» አለች። «የለም» አልሁ። ነጠላዋን አራግፋ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ሄጄ ነገርኋት፣ አሁን እንደሰማሁ አድርጌ። እሷም ዕለቱን በሐጂ ሰይድ ሎሪ ወጣች፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ ተሻገረች፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ደሳለኝን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ራሔል ናት። ደሳለኝም ስንጋባ ዳቦውን እሱ ጋገረ። ግን ያቺ አንዲት ቀን አለች። አንድ ጊዜ ላንቺ ብዬ ሬዲዮውን ዘጋሁት፣ እናንዬ፣ ሁለተኛ አፌን የዘጋሁት ለራሴ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ሁለተኛውን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ታዲያ ራሔል፣ ከሬዲዮውና ከሐቦባ ማንን ትመርጣለህ ላልሽኝ፣ አንድ ቀን እሷን መርጬ አይቼዋለሁ፣ የመረጥሁበት መንገድ ግን የሚያኮራ አይደለም። አለቀ።

(መምህር ወጋቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። እትዬ እናንዬ አንግሬቡ ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።)

«አንተ ብቻ አይደለህም የምታውቀው» አሉ።

«ምኑን?»

«የአያ ገብሩ ሚስት ሬዲዮዋን ይዛ ነበር፣ ወረፋው ላይ። ከጀሪካኑ ላይ አስቀምጣው ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከሰላ፣ ዳቦ ቤት።»

 ራሔል ናት የጠየቀችው፦ «ሐቦባ፣ ዐውቀሽ ነው ማታ መጥተሽ የተቀመጥሽው?»

«ዐውቄ ነው። ቀኑን ምን ላድርገው? የሐጂ ሰይድ ሎሪ በማግስቱ ነው የሚነሳው፣ ጠይቄ ቦታ ይዤ ነበር። አብረውኝ የሰሙትን ሴቶች ዝም በሉልኝ ብዬ፣ አያትሽ ይነግረኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ተቀመጥሁ።»

«እናስ?»

«የለም አለኝ።»

«አንቺም እኮ የለም ብለሻል» አሉ መምህር፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«እኔ ጠየቅሁ። የዋሸኸው አንተ ነህ።»

«አርባ ዓመት ዝም አልሽኝ?»

«አንተስ?»

ራሔል እየሳቀች፣ «ሐቦባ፣ ዋሽቶሽ ለምን ተመለስሽ ታዲያ? ደሳለኝን ካገኘሽ ከሰላ አትቀሪም ነበር?» አለች።

እትዬ እናንዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልቀር ነበር» አሉ። «ማታውን የለም ሲለኝ ቆርጬ ነበር፣ ዕቃዬንም አሥሬ ነበር። ማለዳ ግን መጣ። ከራኩባው እስከ እኔ ቤት ያለው መንገድ እሾህ ነው፣ ግራር ነው ሁሉ። ባዶ እግሩን መጣ። ጫማውን ማድረግ ረስቶ። እግሩ እየደማ፣ 'አሁን ሰማሁ፣ አሁን ሰማሁ' ይለኛል፣ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ እንደማይናገር እኔ አላውቅም መስሎት። ሎሪው ላይ እስከ ከሰላ ድረስ ያሰብሁት ያንን እግር ነው።»

መምህር ወደ እግራቸው አዩ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ሲስቁ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እሾኹን ማን ነው የነቀለልኝ ታዲያ?» አሉ።

«እማማ ስንዱ» አሉ እትዬ እናንዬ። «እኔ ሎሪ ያመልጠኝ ነበር።»